የጥላ ዋጋ

ጋሽ ይማም ጡረታ የወጣ ለታ፣
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፣ ሥራ ሲያልቅ፣ ወደ ማታ፣
ሦስት መጻሕፍት፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በሲባጎ የታሰሩ፤
«የሚዛን ቤቱ ቁልፍ ከመስኮቱ ነው» አለኝ፤ ይኸው ነበር ንግግሩ።

አንደኛው ስለ ወረፋ ነው፦
መጪው በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ፣ ስንት ቆሞ እንደሚሰለቸው።
ሁለተኛው ስለ መጋዘን፦
መቼ ማዘዝ፣ ስንት ማስቀመጥ፣ ስንቱን ለነቀዝ ማዘን።
ሦስተኛው፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነው፣
ያለችውን ጥቂት ነገር ለብዙ ጎን ማብቃቃት ነው።

ደሴ ነው የገዛቸው፣ ከሰልባጅ ጫማ ጎን ተከምረው፣
ዝናብ አግኝቷቸው፣ ምዕራፍ ከምዕራፍ ተጣብቀው።
በምላጭ ነው የከፈታቸው፣ ገጽ በገጽ ሲያነብ፣ ሲያላቅቅ፤
«ዘጠነኛውስ ምዕራፍ?»
«እሱን ሳናውቅ ኖረናል» ይል ነበር ስንጠይቅ።

ኅዳጉ ግን! ኅዳጉ በእርሳስ ተሞልቷል፤
መጽሐፉ የማያውቀውን ሁሉ እዚያ ጽፎታል።
«ሐረጎ ላይ ጉም ካለ አርባ ደቂቃ ጨምር።»
«ይህ ቀመር ሰኞ ገበያ አይሠራም፤
ሰው ለብቻው አይመጣም፤ ከነጎረቤቱ፣ ከነበጉ፣ ከነነገር።»
ለጉሙ መጽሐፉ ፊደል የለውም፤ እሱ «ጉ» ብሎ ሰይሞ
ከእኩልታው ውስጥ አስገባው፣ ከነዳጁ አጠገብ አቁሞ።

«የጥላ ዋጋ» የሚል ቃል አለ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥር፦
አንዲት ሰዓት፣ አንዲት ክንድ ቦታ ብትጨመርልህ
ስንት እንደምታተርፍ የሚናገር።
ሥሩ እንዲህ ጻፈበት፦
«ደሴ ላይ ለጥላ ማንም አይከፍልም፤ ቶሳ በነጻ ይሰጣል፣ ብርድ መርቆበት።
ኮምቦልቻ ወርደህ፣ በስድስት ሰዓት፣ ከደረቅ ወደቡ በር ቆመህ ጠይቅ፤
ወረፋ የያዘ ሹፌር ዋጋውን ይነግርሃል፣ ሳትጨቃጨቅ።»

ባለፈው ግንቦት፣ ነዳጅ ያጠረ ሰሞን፣
ሰባት መኪና፣ አምስት መጋዘን፣ የዱቄት ተራራ ቀረበልን።
ሌሊቱን ሠራሁት። ሰንጠረዡን ገለበጥሁ፣ ሁለቴ፣ አራቴ፤
ሳይነጋ መልሱ ወጣ፤ ብቻዬን ሳቅሁ በቤቴ።
የሁሉም ድርሻ ተጽፏል፤ አንደኛው አርባ፣ ሦስተኛው ሠላሳ ሁለት፤
አራተኛው ተለዋዋጭ ግን፦ ዜሮ።
ንጹሕ። ያለ ክፍልፋይ፣ ያለ ስሕተት።

አራተኛው የሙህዬ መኪና ነው።
አርጅታለች፤ ሐረጎን ስትወጣ ነዳጅ ትጠጣለች፤ ሒሳቡ እውነቱን ነው።
ወረቀቱን አጠፍሁ።
መጽሐፉን ልዘጋ ስል፣ ከሰባተኛው ምሳሌ ጎን፣ በደበዘዘ እርሳስ፣ አነበብሁ፦
«ዜሮ የወጣው ማነው?
ከመፈረምህ በፊት ሄደህ እየው።»

ሄድሁ። ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ነበር፤
እግሩ ብቻ ይታያል። ልጁ ጦይባ ቁልፍ ታቀብለዋለች፣ በቁጥር፦
«አሥራ ሰባት!» ይላል፤ «አሥራ ሰባት»፤ «አሥራ ዘጠኝ!»
ሳያየኝ ነው የጠራኝ፤ በጫማዬ አወቀኝ።
«እህ? ስንት ደረሰኝ?»

ዝም አልሁ።
ልጅቷም ዝም አለች፤ ቁልፉ ከእጇ ላይ ቀረ።

ተመልሼ «የማንም ድርሻ ከስምንት አይነስ» የሚል አንድ መስመር ጨመርሁ፤
እንደገና ፈታሁት፤ ወጪው በአራት ሺህ ብር ከፍ አለ፤ እንደዚያው ጻፍሁ።
ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ፤
«ይህ መስመር ከየት መጣ? ከየትኛው መጽሐፍ?»
«ከሦስተኛው» አልሁት፤ «ከኅዳጉ ጫፍ።»

አመነኝ ብዬ አልዋሽም። ለሁለት ሳምንት ነው የፈቀደው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ነዳጁ ነው የሚፈርደው።
እኔ ግን እርሳስ ቀርጬ፣ ከጋሽ ይማም ጽሑፍ ሥር፣
ለሚወርሰው ሰው አኖርሁ፣ የራሴን ሁለት መስመር፦

«የጥላ ዋጋ፣ ግንቦት፣ ኮምቦልቻ፦
አራት ሺህ ብር። ከሥሩ የተቀመጡት፦ ሁለት ሰዎች ብቻ።»